ጥሏት ሄደ

ካምፓላ፣ መስከረም 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ መርካቶ ሸማ ተራ ለእህቴ ለፍቅርአዲስ አሸብር፤

እንደምን ከርመሻል? አዲሱን ዓመት የጤናና የሰላም ያድርግልሽ፤ ልጆችሽን ከክፉ ይጠብቅልሽ። ለእናትሽ ለእትዬ አስናቀችም ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የልብስ ስፌት መኪና እየጠገንኩ እውላለሁ፤ ሥራውም አለ።

በስልክ የጀመርነውን ነገር ሁሉ በጩኸት ስለዘጋነው ነው በወረቀት የመጣሁብሽ። ይህን የምታደርስልሽ ዱንያ ትባላለች፤ ከመርካቶ ልብስ እያመጣች እዚህ የምትነግድ ናት። መልስሽን ለእሷ ስጪልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በነሐሴ መጨረሻ አንድ ወጣት የምሠራበት ድረስ መጣ። “ጋሼ ማሙሸት እርስዎ ነዎት?” አለኝ። “ነኝ” አልኩት። ጉልበቴን ሊስም ሲያጎነብስ ያዝኩት። “ብሥራት እባላለሁ፤ የደጀኑ ልጅ። የክርስትና አባቴ ነዎት” አለኝ።

የጎጃሟን ከተማ ደጀንን አልረሳሁም። ከቢቸና መጥቼ እናንተ ቤት ሳድግ፣ አባትሽ ጋሼ አሸብር፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ማር ጭኜ እንድመጣ ከሾፌሩ ከገብረ ኢየሱስ ጋር ልከውኝ ነበር። ያረፍንበት ቤት ክርስትና ነበረ። የክርስትና አባት ይሆናል የተባለው ሰው ሳይመጣ ቀረ። “በል አንተ ቁምልን” አሉኝ። የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሕፃኑን አስተካክዬ መታቀፍ ሲያቅተኝ ቄሱ የሳቁብኝ ትዝ ይለኛል። ይህ የሆነው ሩታ ከመሞቷ ከአንድ ዓመት በፊት ነው ብዬ ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት።

ብሥራት ለትምህርት ወደ ውጭ ስለሚያልፍ ሰነዱን ሁሉ ይዞ ነበር። የክርስትና ካርዱን አወጣልኝ። ስሜ አለ፤ ማሙሸት ይገረም ይላል። ከስሜ በላይ ቀኑ አለ፤ ኅዳር 12 ቀን 1989 ዓ.ም.።

ፍቅርአዲስ፣ ታናሽ እህትሽ የሞተችው ኅዳር 12 ቀን 1989 ነው። ኅዳር ሲታጠን፣ ቆሻሻው በየደጁ ሲቃጠል፣ ጎጃም በረንዳ በጭስ ተሸፍኖ፣ በመጋዘናችን በር ላይ የጭነት መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ አገኛት። የአራት ዓመት ልጅ። “እጇን ይዞ ወጥቶ ለቀቃት” የተባልኩት እኔ ነኝ። እኔም አምኛለሁ። ማመን ብቻ አይደለም፤ አስታውሰዋለሁ። ያች ትንሽ እጅ ከመዳፌ ስትሾልክ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ተሰምቶኛል።

አንድ ሰው በአንድ ቀን ደጀን ቤተ ክርስቲያን ውስጥና ጎጃም በረንዳ አይቆምም። ከሁለቱ አንዱ አልሆነም። ሌሊት ተነሥቼ እንደ እብድ ከራሴ ጋር ስሟገት ሳምንት አለፈኝ።

የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ያን ቀን ምን አየሽ? የሰማሽውን ሳይሆን በዓይንሽ ያየሽውን ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ማሙሸት

* * *

መርካቶ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለማሙሸት፤

ሰላም ላንተ ይሁን። እኛ ደህና ነን፤ ልጆቹ ትምህርት ጀምረዋል፤ እማዬ ደም ግፊቱ ሲነሣባት ሲተዋት ከረመች። ሰላምታውን እዚህ ላይ አበቃሁ፤ የተቀረው ቁጣ ነው።

ደብዳቤህን ያነበብኩት ሱቅ ውስጥ ቆሜ ነው። አንዲት የሙሽራ እናት ጥበብ ስታስወርደኝ፣ እኔ ወረቀቱን ይዤ ደርቄ ቀረሁ። “ምን ነገሩሽ? ሰው ሞተብሽ እንዴ?” አለችኝ። አዎ በያት አለኝ ልቤ። ሞታ የተቀበረችውን ልጅ ዛሬ ቆፍሮ የሚያወጣት ሰው መጣ።

ምን አየሽ አልክ። ልንገርህ። ከመጋዘኑ በላይ ካለው የእንጨት በረንዳ ቆሜ ነበር። አንተ ቀይ ሹራብ ለብሰሃል። ሩታ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳለች። እጇን ይዘህ ጭሱ ውስጥ ገባችሁ። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ። ከጭሱ የወጣኸው ብቻህን ነው። የዐሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ረስቻለሁ፣ ይህን ግን አልረሳሁም።

እኔ ብቻ አይደለሁም። ከማኅበሩ ሰዎች ጋሼ ወልደ ሚካኤል አይተውሃል። እትዬ ማሚቱ አይታሃለች። ሁላችንም ዋሽተን፣ አንድ ካርድ እውነት ሊሆን? ካርድ እንዴት እንደሚሞላ አታውቅም? እኔ ለልጄ የልደት ወረቀት ሳወጣ ቀኑን ሁለቴ ተሳስተውብኛል። ቄስስ ሰው አይደለም?

ሃያ ስምንት ዓመት “በድያለሁ” ስትል ኖርክ። እኛም ሐዘናችንን ውጠን፣ በበዓል ስትደውል “እንኳን አብሮ አደረሰን” ስንልህ ኖርን። ያ ቀላል መሰለህ? እማዬ የአንተን ድምፅ ሰምታ ስልኩን ባስቀመጠች ቁጥር ምን እንደምትሆን አላየህም፤ እኔ አይቻለሁ። አሁን ደግሞ በአንድ ወረቀት ታጥበህ ልትወጣ ነው?

እሺ፣ አንተ አልያዝካትም እንበል። ማን ያዛት ታዲያ? ይህን አስበህበታል? አንተ ከዚያ ቦታ ስትወጣ ቦታው ባዶ አይቀርም። እናቴን ልታቆምበት ነው?

ለእማዬ አላነበብኩላትም፤ አላነብላትምም። እግዚአብሔር ልቡና ይስጥህ።

ፍቅርአዲስ

* * *

ካምፓላ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፍቅርአዲስ፤

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል።

ቀይ ሹራብ አልሽ። ያን ሹራብ የገዙልኝ ጋሼ አሸብር ናቸው፤ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ስገባ፣ በመስከረም 1990። ሩታ ከሞተች ዐሥር ወር አልፏት ነበር። ለብሼው የተነሣሁት የትምህርት ቤት ፎቶግራፍ ዛሬም አለኝ። ገና ያልተገዛ ሹራብ ለብሼ ነው ያየሽኝ፤ እግዚአብሔር ያሳይሽ!

ቄስ ቀን ይሳሳታል አልሽ። ኅዳር ሚካኤልን የሚሳሳት ቄስ የት አገር አለ? ልጁ ክርስትና የተነሣው እኮ አርባ ቀኑ ከበዓሉ ጋር ገጥሞ ነው። የብሥራትን እናት በስልክ አገኘኋት። “በማግስቱ ማሩን ስትጭኑ ዳቦ ቋጥሬ ሰጥቼሃለሁ፤ ‘አንዲት ሕፃን አለች፣ ለእሷ ይሆናል’ ብለህ ግማሹን አስቀመጥክ” አለችኝ። ይህን ስትነግረኝ ስልኩን ወረወርኩት።

ውጠን ኖርን አልሽኝ። እኔ ምን እንደዋጥኩ ልንገርሽ። በ1991 እናቴን ልጠይቅ ቢቸና ስሄድ፣ የእናንተ ወሬ ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። እናቴ በሩ ላይ ቆማ “የሰው ልጅ አስበልተህ የእኔን ደጅ አትርገጥ” አለችኝ። ከዚያ በኋላ አላየኋትም። በ2008 ስትሞት እህቴ ቃሊ እንኳ አልነገረችኝም፤ የሰማሁት በአርባዋ ከመንገደኛ ነው። ለምን አላገባህም ስትይኝ ስቄ አልፌሽ አውቃለሁ። ልጅ ፈርቼ ነው። አርባ አምስት ዓመት ሞላኝ፤ ከሩታ በኋላ የሰው ልጅ እጅ ይዤ መንገድ ተሻግሬ አላውቅም። ጎረቤቴ “ልጄን ሱቅ ድረስ አድርስልኝ” ስትለኝ አሞኛል እላለሁ።

ማን ያዛት ትይኛለሽ። ባዶውን ቦታ መሙላት የእኔ ዕዳ ነው? ቦታው ባዶ እንዳይሆንባችሁ እኔን ስታቆሙኝ ኖራችኋል!

አሁን ጥያቄዬን ለውጫለሁ። ያየሽውን ተዪው። ሂጂና ጠይቂ። የጆንያ ነጋዴዋ እትዬ ዘኪያ ዛሬም በሕይወት እንዳሉ ዱንያ ነግራኛለች፤ ጠይቂያቸው። ጋሼ ወልደ ሚካኤልን ጠይቂ። እናትሽንም “ያን ሳምንት ማሙሸት የት ነበር?” ብለሽ ጠይቂያት። ከዚያ ልትቆጪኝ ብትፈልጊ ተቆጪኝ።

ማሙሸት

* * *

መርካቶ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለማሙሸት፤

የኅዳር ሚካኤል በረከት ይደርብህ። ሁለት ወር ሊሞላ ነው ዝም ያልኩህ። ዱንያ ሁለት ጊዜ ሱቄ መጥታ ባዶ እጇን ሸኘኋት። በሦስተኛው “እናንተ ሰዎች ምንድን ነው የምትላላኩት? እሱ ያለቅሳል፣ አንቺ ትጠቁሪያለሽ” አለችኝ።

እውነቱን ልንገርህ፤ እትዬ ዘኪያ ጋ የሄድኩት ላጣራልህ አልነበረም። ምስክር አግኝቼ አፍህን ላዘጋህ ነው። ዓይናቸው ደክሟል እንጂ አእምሯቸው ንጹሕ ነው። “ያን ቀን ከበረንዳው ላይ ሆኜ ማሙሸት ሩታን ይዞ ሲሄድ አይቼ…” ብዬ ስጀምር አቋረጡኝ።

“የትኛው በረንዳ፣ ልጄ? አንቺ እኮ ጆሮ ደግፍ ይዞሽ እኔ ቤት ተኝተሽ ነበር። በሽታው ለሩታ እንዳይጋባባት ብላ እናትሽ ናት ያመጣችሽ። ጩኸቱ ሲነሣ በሩን ቆልፌብሽ ነው የወጣሁት።”

“አይደለም፣ እትዬ ዘኪያ። በረንዳው ላይ ነበርኩ።”

“የእኔ ቤት በረንዳ የለውም” አሉኝ።

ማሙሸት፣ ያን ጊዜ አንገቴ ላይ የታሰረው ሻሽ ትዝ አለኝ። ሙቀቱ፣ ማሳከኩ። ወይስ እሳቸው ስላሉኝ ነው ትዝ ያለኝ? ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁልፍ የት እንዳስቀመጥኩ እንኳ ራሴን አላምንም። “ማሙሸትስ ነበረ?” አልኳቸው። “እንጃ፤ ሁላችሁም ነበረ ስትሉ እኔም ነበረ ስል ኖርኩ እንጂ፣ አየሁት ብዬ ብምል አላህ ይጠይቀኛል” አሉኝ።

ለእናቴ ግን አፌን ማላቀቅ አቃተኝ። ቀን ስቆጥር ኅዳር 12 ደረሰ። እንደምታውቀው የሚካኤል ማኅበር በየዓመቱ በዚያ ቀን እኛ ቤት ነው፤ የሩታ ስምም ይነሣል። ጋሼ ወልደ ሚካኤል እንደ ልማዳቸው “ያ ልጅ በትከሻው ተሸክሟት ሲወጣ ‘ጭስ ነው፣ ተጠንቀቅ’ ብዬው ነበር፤ አልሰማኝም” ብለው ጀመሩ። እትዬ ማሚቱ “በትከሻው አይደለም፤ በአንድ እጁ እሷን፣ በአንድ እጁ ሸንኮራ አገዳ ይዞ ነው” አለች። ሌላ ጊዜ ሰምቼው የማልፈው ነው። ያን ቀን ግን አላለፍኩትም።

“ጋሼ ወልደ ሚካኤል፣ እርስዎ ያን ጊዜ አሰብ ወደብ ይሠሩ አልነበር?” አልኳቸው።

“ነበርኩ።”

“ለቅሶ የደረሱት በሳምንቱ አይደለም?”

“በሳምንቱ ነው።”

“ታዲያ የት ቆመው አዩት?”

ሽማግሌው ጢማቸውን ያዝ አደረጉና ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ “ቢሆንም አይቻለሁ!” አሉኝ።

አልሳቅሁም። እኔም እኮ ጆሮ ደግፍ ይዞኝ፣ በተቆለፈ ቤት ተኝቼ አይቼሃለሁ። ተነሥቼ ጮህኩ። ስለ ካርዱ፣ ስለ ሹራቡ፣ ስለ እትዬ ዘኪያ ሁሉንም ዘረገፍኩት። አንዱ “የሞተን ነገር አትቀስቅሺ” ይላል፤ ሌላው “ማሙሸት መድኃኒት አሰርቶባት ነው” ይላል። ከዚያ ወደ እማዬ ዞርኩ። “እማዬ፣ ያን ሳምንት ማሙሸት የት ነበር?”

አላመነታችም። “ደጀን” አለች። “ማር ሊጭን።”

በእጄ የያዝኩትን ብርጭቆ መሬት ላይ ፈጠፈጥኩት። “ታዲያ እጇን ይዞ ለቀቃት ስትዪ የኖርሽው ምንድን ነው?”

“እኔ መቼ እጇን ይዞ አልኩ?” አለች፤ እሷም ጮኸች። “ጥሏት ሄደ ነው ያልኩት! እሱ ቢኖር እሱ ይይዛት ነበር። ያን ሳምንት ጥሏት ሄደ። ሙሾዬንም የሰማ ያውቃል። እናንተ ናችሁ እጇን ያስያዛችሁት!”

ሙሾዋን ታስታውሳለህ?

ጥሏት ሄደ አሉኝ እጇን የሚይዛት፣
ልጄን በጭስ መሐል መኪና አገኛት።

እዚህ ቤት በየዓመቱ ተብሏል። እኔ በዚህ ሙሾ አድጌ፣ በዚህ ሙሾ ነው አንተን ያየሁህ።

“ሰው ሁሉ ሲሳሳት ለምን ዝም አልሽ?” አልኳት። ተቀመጠች። ድምፅዋ ወረደ። “ምን ልበል? እሱ ካልያዛት እናቷስ የት ነበረች ሊሉ ነው። ቅቤ እየመዘንኩ ነበር። በሩን አልዘጋሁትም። እሳቱን ልታይ ወጣች። አባትሽ ‘ልጁን ተዪው አስናቀች፣ ትጠየቂበታለሽ’ ይለኝ ነበር። እሱ ሲሞት የሚለኝ ጠፋ።”

ሰዉ አንድ አንድ እያለ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እማዬን ምሳ አቀርብላታለሁ፤ ቃል ግን አልተነፍስላትም።

ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ ብዬ መጻፍ አፈርኩ። ለልጆቼ ሳይቀር ተርኬላቸዋለሁ። የሚያናድደኝ ደግሞ እውነቱን አውቄም ምስሉ አልጠፋ ማለቱ ነው። ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ቀይ ሹራብ ለብሰህ ከጭሱ ትወጣለህ።

እህትህ ፍቅርአዲስ

* * *

ካምፓላ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለፍቅርአዲስ፤

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሰሽ። ከዚህ በላይ የምመርቅበት አፍ የለኝም።

ደብዳቤሽን ሰባት ጊዜ አነበብኩት። “ጥሏት ሄደ” የሚለው ላይ ስደርስ በየጊዜው እቆማለሁ። ምክንያቱም እውነት ነው። ወደ ደጀን የሄድኩ ጠዋት መኪናው ሊነሣ ሲል ሩታ “እኔም! እኔም!” ብላ ሱሪዬን ይዛ አለቀሰች። “ለሚካኤል እመለሳለሁ፤ እሳቱን አብረን እናያለን” ብዬ ዋሽቻት ሄድኩ። በሠልስቷ ደረስኩ። እናትሽ ሙሾውን ስታወርድ ሰማሁ፤ ጥያት ሄጃለሁና አንገቴን ደፋሁ።

ቢቸና እናቴ በር ላይ “እውነት ነው የሚሉት?” ስትለኝ ምን እንዳልኳት ታውቂያለሽ? “አዎ፣ ጥያት ሄድኩ” አልኳት። ያን ጊዜ ሩታ ስትሞት ደጀን እንደነበርኩ ገና አልረሳሁም ነበር! እኔ የተናገርኩት አንድ፣ እሷ የሰማችው ሌላ። ከዚያ በዓመቱም በሁለት ዓመቱም እናንተ ስትሉኝ፣ እናቴ የሰማችውን እኔም መስማት ጀመርኩ። ሰምቼ ሰምቼ አየሁት። እጅ ሰጠሁ። በራሴ ላይ የመሰከርኩት ራሴ ነኝ፤ ይህን ሳስብ የምቆጣው ማንን እንደሆነ ይጠፋብኛል።

ቆይ ግን፣ ወደ ራሴ ብቻ አልመልሰውም። እናትሽ ታውቅ ነበር። እትዬ አልላትም ዛሬ። ሙሾው እየተጣመመ ሲሄድ ቁጭ ብላ አይታዋለች። እኔ በየበዓሉ ደውዬ “በድያለሁ” ስላት፣ “ልጄ፣ ደጀን ነበርክ” ማለት ሦስት ቃል ነው። ሦስት ቃል ሃያ ስምንት ዓመት ፈጀባት።

ይቅርታሽን አሁን አልቀበልም። እንካ ብትዪኝም የማስቀምጥበት የለኝም። የምፈልገው ይህ ነው። ወሬው ቢቸና የሄደው በሰው አፍ ነው፤ በሰው አፍ ይመለስ። እናትሽ ትሂድ። በእህቴ በቃሊ ፊት፣ በጎረቤቱ ፊት ቆማ ትናገር። ስልክ አልፈልግም፤ ወረቀትም አልፈልግም። እናቴ በር ላይ ቆማ እንዳባረረችኝ፣ እሷም በዚያው በር ላይ ትቁም።

ካልሄደች ይህ ደብዳቤ የመጨረሻዬ ነው።

ማሙሸት

* * *

መርካቶ፣ የካቲት 23 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለማሙሸት፤

እንደምን ሰነበትክ? ሄድን። የዘገየሁት እማዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ “አልሄድም” ስላለች፣ ከዚያም መንገዱ ሁለት ጊዜ ስለተዘጋ ነው።

ደብዳቤህን ሳነብላት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔም አልለመንኳት። አንድ ጠዋት ሸማ ተራ ሱቄ ድረስ ብቻዋን መጣች፤ በእግሯ፣ በዚያ ግፊያ። “ሁለት ጥሩ ጋቢ አውጪልኝ። ባዶ እጄን ቢቸና አልገባም” አለች።

“በጋቢ ልትሸፍኚው ነው?” አልኳት፤ ደንበኛ ፊት ነው። አፍሬ ዝቅ ብዬ ልጨምር ስል፣ ያወረድኩትን ጋቢ ራሷ መልሳ ሰቀለችው። “እውነትሽን ነው። ባዶ እጄን እሄዳለሁ” አለች።

ከአውቶቡስ ተራ ጎህ ሲቀድ ተነሣን። ዐባይ በረሃን ስንወርድ እጄን ያዘችኝ፤ አልነጠቅኋትም፣ አልጨበጥኳትምም። ደጀን አውቶቡሱ ለምሳ ሲቆም አልወረደችም።

ቃሊን በሩ ላይ አገኘናት፤ እህል ታበጥራለች። አወቀችን። “ግቡ” አላለችንም። እማዬ “ጎረቤት ጥሪልኝ፤ የምናገረው አለኝ” አለቻት። ሰባት ስምንት ሰው ተሰበሰበ። እማዬ ነጠላዋን አደግድጋ ቆመች፤ ስልሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ሰው ፊት እንዲያ ስትሆን አይቻት አላውቅም።

“እኔ የመርካቶዋ አስናቀች ነኝ” አለች። “ልጄ ሩታ ስትሞት ማሙሸት አልነበረም። ደጀን ነበር። ልጄን ማንም አልያዛትም፤ በሩን ክፍት የተውኩት እኔ ነኝ። ሰው በእሱ ሲያላክክ እያወቅሁ ዝም ብያለሁ። እናቱ ልጇን ያባረረችው በእኔ ዝምታ ነው።”

ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አነሣችና አንገቷ ላይ አድርጋ ተንበረከከች። ቃሊ ሰፌዱን እንደያዘች ቆማ አየቻት። 

“እናቴ መሬት ከገባች ዘጠኝ ዓመቷ ነው” አለች። “ለእሷስ ማን ይንገራት? እስከ መጨረሻዋ ድረስ ‘በሩ ላይ ሰው አለ፣ እዪልኝ’ ትለኝ ነበር። የለም እላታለሁ። የለምም። ማን እንደሆነ ታውቅ ነበር፤ እኔም አውቅ ነበር።”

አንድ ሽማግሌ “አውርጂላት እንጂ፣ የሰው ወግ ነው” አሏት። ቃሊ ድንጋዩን አነሣችላት። “እኔን አልበደልሽኝም” አለቻት። “ወንድሜ የስልክ ቁጥሩን ጽፎ ሲልክልኝ የቀደድኩት እኔ ነኝ። ሳልጠይቅ። አንድ ቀን እንኳ ‘እንዴት ነበር?’ ብዬ ሳልጠይቅ።” ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ቁጥርህን ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። ውኃ አጠጣችን፤ አሳድራችኋለሁ ግን አላለችም። መናኸሪያው አጠገብ አልጋ ይዘን አደርን።

ስንመለስ እማዬ መስኮቱን እያየች “ቀለለኝ” አለች። ደሜ ፈላ። “እንዲቀልልሽ አልነበረም የሄድነው!” አልኳት፤ አውቶቡሱ ሁሉ ዞሮ አየን። እውነት ነው፣ እንዲቀልላት አልነበረም። ግን ቀሏታል፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንቅልፍ ትተኛለች፤ የማልተኛው እኔ ነኝ።

ጋሼ ወልደ ሚካኤል አሁንም አይቻለሁ ይላሉ። ተውኳቸው። እትዬ ማሚቱ ግን ባለፈው ገበያ መሐል አስቁማኝ፣ “ያ ሸንኮራ አገዳ የያዘው ማን ነበር ታዲያ?” አለችኝ።

እህትህ ፍቅርአዲስ

* * *

ካምፓላ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለፍቅርአዲስ፤

ጾሙን የበረከት ያድርግልሽ። ደብዳቤሽን ከመቀበሌ በፊት ነው ቃሊ የደወለችው። “ማነው?” አልኩ። ትንፋሽ ብቻ ይሰማል። ልዘጋው ስል “ድምፅህ የአባባን ሆኗል” አለች። ከዚያ ሒሳቡ እስኪያልቅባት ድረስ ስልኩን አልዘጋነውም። በማግስቱ ደግማ ደወለች። በማግስቱም።

ከፋሲካ በኋላ ቢቸና እሄዳለሁ። አዲስ አበባ ላይ አልፋለሁ፤ እንዳትቀበሉኝ። ስመለስ መርካቶ እመጣ እንደሆነ አላውቅም፤ አልዋሽሽም። ቁጣዬ አልበረደልኝም። ጠዋት ስነሣ አለ፤ መኪና ስፈታ አለ፤ ዘይት ስቀባ አለ። ምናልባት እስከ ዕድሜዬ ልክ ይኖራል። አንቺን ግን እየለቀቀሽ ነው፤ ያንን ዕወቂልኝ። ስለ እኔ የተቆጣሽውን ቁጣ አንብቤዋለሁ።

እናትሽ ቆማ መናገሯን ሰምቻለሁ። ይቅር ብያታለሁ ብለሽ እንዳትነግሪያት። ሰምቷል በያት፤ ይበቃል።

አንድ ነገር ልጻፍልሽና ላብቃ። ምስሉ አልጠፋልኝም ብለሻል። ለእኔም አልጠፋልኝም። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ያች እጅ ዛሬም ከመዳፌ ስትሾልክ ይሰማኛል። መጀመሪያ ላይ ይህ ሊያሳብደኝ ነበር። ኋላ ቁጭ ብዬ ሳስብ፣ ያ እጅ ከባዶ አልመጣም። በየማለዳው ቄስ ትምህርት ቤት ሳደርሳት፣ ጋሪዎቹ ሲመጡ ጠጋ የማደርጋት፣ ሸንኮራ ስትቆረጥም የሚጣበቀው እጅ ነው። የትምህርት ቤቱ በር ላይ ስንደርስ ራሷ መንጭቃ ታስለቅቀኝና ወደ ጓደኞቿ ትሮጥ ነበር። የምትሾልከው እንዲያ ነው።

ያን ቀን የያዛት ሰው አልነበረም። ሌላውን ቀን ሁሉ ግን የያዝኳት እኔ ነኝ። ይህን ለእናትሽ ንገሪልኝ።

ማሙሸት